የስኳሯ ከተማ ወንጂና የሀደሮ ቤቶች

ውድ አንባቢያችን፣ ዛሬ ጠዋት ሻይዎ ውስጥ የጨመሩት ስኳር ከየት እንደመጣ አስበው ያውቃሉ? ዛሬ ስኳር ከብዙ ስፍራ ይመጣል፤ ከውጭም ይገባል። ከስልሳና ከሰባ ዓመት በፊት ግን የኢትዮጵያ ስኳር አንድ የትውልድ ስፍራ ብቻ ነበረው፤ እርሷም ወንጂ ናት።

የሀደሮን ሽማግሌዎች ስለ ወንጂ ቢጠይቋቸው አስቀድመው የሚነግሩዎት ስለ ስኳር አይደለም። የሰው ስም ይጠሩልዎታል። «እገሌ እዚያ ኖረ፤ እገሌ እዚያ ቀረ፤ የእገሊት ባል ከዚያ ተመልሶ መጣ» ይሉዎታል። ሀደሮ በከምባታ ምድር ያለች፣ በዝንጅብሏ የታወቀች የገበያ ከተማ ናት። ከእርሷና በዙሪያዋ ካሉት መንደሮች፣ ከሆሳዕና፣ ከዱራሜና ከሺንሺቾ አካባቢም ወንጂን በላቡ ያላጠጣ የቤተሰብ ሐረግ ማግኘት ቀላል አይደለም። ስለዚህ በዚህ ጽሑፍ ወደ ወንጂ አብረን እንጓዝ። ባለትዳር ከሆኑ ደግሞ የትዳር ጓደኛዎን ይዘው ይምጡ፤ ጉዳዩ ሁለታችሁንም ይመለከታልና።

መንገዱ

ከሀደሮ ተነስተው በሺንሺቾና በዱራሜ በኩል ወደ ሀላባ ቁሊቶ ይወርዳሉ። የእንሰቱ ጥላና ቀዝቃዛው አየር ከኋላዎ ይቀራሉ። ከዚያ በሻሸመኔ አልፈው የስምጥ ሸለቆን ሐይቆች እያዩ በባቱ (በቀድሞ ስሟ ዝዋይ)፣ በመቂና በሞጆ አድርገው አዳማ ይገባሉ። ወንጂ ከአዳማ አሥር ኪሎ ሜትር ያህል ብትርቅ ነው። ዛሬ የአዳማ ጎረቤት ሰፈር ልትባል ምንም አይቀራት።

ሀደሮ ደጋማ አገር ነች፤ እጅ በእጅ በተያያዙ ቤቶች መካከል የአንዱ እንሰት የሌላውን አጥር ይነካል። ወንጂ ግን ሜዳ ነው። ዓይን እስኪደክም ድረስ አረንጓዴ ሸንኮራ አገዳ፣ በመካከሉ የውሃ ቦይ፣ በዳር የአዋሽ ወንዝ። ሙቀቱም የቆላ ሙቀት ነው። ከከምባታ ተራራ ለሚወርድ ጎልማሳ ይህ ሌላ ዓለም ነበር። ወባውን ደግሞ ሰውነቱ አያውቀውም ነበር።

ሆላንዶቹ ወንጂ ምን አመጣቸው?

ታሪኩ ከሩቅ ይጀምራል። ኤች ቪ ኤ በሚል አጭር ስሙ የሚታወቀው የአምስተርዳም የንግድ ኩባንያ ለረጅም ዘመን ዛሬ ኢንዶኔዥያ በምትባለው የሆላንድ ቅኝ ግዛት የሸንኮራ አገዳና የሌሎች ተክሎች ሰፊ እርሻዎች ነበሩት። ኢንዶኔዥያ ነጻነቷን ካገኘች በኋላ ኩባንያው አዲስ ምድር መፈለግ ጀመረ። በዚያው ዘመን የንጉሠ ነገሥቱ መንግሥት ስኳር ከውጭ እያስገባ ይቸገር ነበር። ሁለቱ ፈላጊዎች ተገናኙና በ1943 ዓ.ም. ስምምነት ተፈራረሙ። ለእርሻ የተሰጠው ስፍራ የጂሌ ኦሮሞ ከብት አርቢዎች መንጋቸውን ያሰማሩበት የነበረው የአዋሽ ዳር ሜዳ ነው። የወንጂን ጣፋጭነት ስንናገር በመጀመሪያ የግጦሽ መሬቱን ያጣውን ሕዝብ መርሳት አይገባንም።

የመጀመሪያው ፋብሪካ በ1946 ዓ.ም. አፄ ኃይለ ሥላሴ በተገኙበት ተመርቆ ተከፈተ። በጅምሩ በቀን 1,400 ኩንታል ስኳር ያመርት ነበር። እ.ኤ.አ. በ1962 ደግሞ በአጠገቡ ወንጂ ሸዋ የተባለው ሁለተኛው ፋብሪካ በቀን 1,700 ኩንታል እያመረተ ሥራ ጀመረ። ከከተማዋ በላይ በኩል በ1952 ዓ.ም. የተመረቀው የቆቃ ግድብ የአዋሽን ውሃ ይዞ ያሳልፋል፤ ግድቡ የተሠራው ኢጣሊያ ለኢትዮጵያ በከፈለችው የጦርነት ካሣ ነው። ኩባንያው ከወንጂ ባገኘው ትርፍና ልምድ ተነስቶ ወደ መተሐራም ተሻገረ።

ከፋብሪካው ጋር ከተማ ተወለደ። የውጭ አገር ባለሙያዎች ዛፍ በተተከለበት፣ ሣር በሚታጨድበት ሰፈር ለብቻቸው ኖሩ። ሠራተኛው ደግሞ በእርሻው ውስጥ በተበተኑ፣ ብዙዎቹ በፈረንጅ ፊደል በሚጠሩ ካምፖች ሰፈረ። ሆስፒታል፣ ትምህርት ቤትና የከረሜላ ፋብሪካም ነበሩ። በ1955 ዓ.ም. የኢትዮጵያ ሠራተኞች የመጀመሪያው ኮንፌዴሬሽን ሲመሠረት የወንጂ ሠራተኞች ማኅበር ከግንባር ቀደሞቹ አንዱ ነበር። መብቱን መጠየቅን የኢትዮጵያ ሠራተኛ ከተማረባቸው ስፍራዎች አንዱ ይህ የአገዳ ሜዳ ነው።

አገዳ ቆራጮቹ

ይህን ሁሉ አገዳ ማን ቆረጠው? እዚህ ላይ ነው የእኛ ሰዎች ወደ ታሪኩ የሚገቡት። ከምባታና ሀዲያ ሰው እንደ ንብ የተጠጋጋበት፣ መሬቱ ግን የማይለጠጥበት አገር ነው። አባት ለአምስት ወንዶች ልጆች ያካፈለው ማሳ ለልጅ ልጆች ሲደርስ ጓሮ ብቻ ይሆናል። እንሰት ቤተሰብን ከረሃብ ይጠብቃል፤ ግብር የሚከፈለው ግን በቆጮ አይደለም፤ ጥሬ ገንዘብ ያስፈልጋል። ኩባንያው በበኩሉ ብዙ ጉልበት ይፈልግ ነበርና ፊቱን ወደ ደቡብ ደጋማ አገር አዞረ። ከከምባታ፣ ከሀዲያና ከወላይታ ወንዶች በብዛት ወረዱ።

ሥራውን ያላየ ሰው ቀላል ይመስለዋል። አገዳው ከመቆረጡ በፊት ቅጠሉ በእሳት ይቃጠላል። ቆራጩ በማግስቱ ገጀራውን ይዞ በአመዱ ውስጥ ይገባል። አገዳውን ከሥር፣ መሬቱን አስጠግቶ መቁረጥ አለበት፤ ስኳሩ የሚበዛው በታችኛው በኩል ነውና። ጫፉን መትቶ ይጥላል፤ ግንዱን ይከምራል። ማታ ወደ ካምፕ ሲመለስ ከዓይኑና ከጥርሱ በቀር የሚነጣ ነገር የለውም። ደግሞም ሥራው እረፍት አይሰጥም፤ የተቆረጠ አገዳ ቢያድር ቢሰነብት ጣፋጩ እየቀነሰ ይሄዳልና ፋብሪካው ሳይዘገይ ሊጨምቀው ይገባል። ከተጨመቀ በኋላ ጭማቂው በኖራ ይጣራል፤ ይፈላል፤ ይወፍራል፤ በመጨረሻም በሚሽከረከር መኪና ስኳሩ ከሞላሰሱ ይለያል። ባጋስ የሚባለው የአገዳው ገለባ እንኳ አይጣልም፤ ተመልሶ ቦይለሩን ያነድዳል። በፋብሪካው ውስጥ የሚባክን ነገር አልነበረም።

ቆረጣው የሚካሄደው በበጋ ነው። ክረምት ሲገባ ፋብሪካው ለጥገና ይቆማል። ስለዚህ የወቅት ሠራተኛው ዓመት ሁለት ቦታ ተከፈለ። በክረምት ወደ አገሩ ይመለሳል፤ የከምባታ ሰው ሁሉ ከያለበት ተሰብስቦ ሥጋ የሚበላበትን የመስቀልን በዓል፣ መሳላን፣ ከቤተሰቡ ጋር ያሳልፋል፤ ከዚያም ገጀራው ይጠራዋል። የሀደሮ ሴቶች በዓሉ ሲያልቅ ከሳቁ በስተኋላ ምን እንዳለ ያውቁ ነበር።

የአባይን ልጅ ውሃ ጠማው

ወንጂ በአዋሽ ዳር የተቀመጠች ከተማ ናት። ይሁን እንጂ ነዋሪዎቿ ለብዙ ዘመን የጠጡት ከጥልቅ ጉድጓድ የወጣ ውሃ ነው። የጉድጓድ ውሃ ከወንዝ ውሃ ንጹሕ ነው ተብሎ ነበር፤ ለተቅማጥ በሽታም እውነት ነው። ነገር ግን የስምጥ ሸለቆ ምድር እሳተ ገሞራ የፈጠረው ድንጋይ ነው። የምድር ሳይንስ ሊቃውንት በሸለቆው ወለል ላይ የሚሄደውን የተሰነጣጠቀ መስመር ሲሰይሙ የዚችኑ ከተማ ስም ወስደው «የወንጂ ስንጥቅ መስመር» ብለውታል። በዚህ ድንጋይ ውስጥ የሚያልፍ ውሃ ፍሎራይድ የተባለውን ንጥረ ነገር ያሟሟል።

ፍሎራይድ በጥቂቱ ጥርስን ይጠብቃል፤ ሲበዛ ግን ይጎዳል። የዓለም ጤና ድርጅት ለመጠጥ ውሃ ያስቀመጠው ወሰን በሊትር 1.5 ሚሊ ግራም ነው። በወንጂ ጉድጓዶች የተገኘው ከዚህ ብዙ እጥፍ ነበር። ጥርሳቸው ገና በድድ ውስጥ በመሠራት ላይ ሳለ ይህን ውሃ የጠጡ ሕፃናት ጥርሳቸው ይበልዛል፤ ይቦረቦራል። ለብዙ ዓመታት የጠጡ አዋቂዎች ደግሞ አጥንታቸው ይወፍራል፤ መገጣጠሚያቸው ይደርቃል፤ የአከርካሪ አጥንት ሲጣበቅ ሰው ይጎብጣል፤ አንገቱን ማዞር ያቅተዋል። በአገራችን ሐኪሞች ይህን የአጥንት ሕመም በመጀመሪያ የዘገቡት በ1960ዎቹ ዓ.ም. ከወንጂ ሠራተኞች መካከል ነው። ዶክተር ረዳ ተክለ ሃይማኖትና ባልደረቦቻቸውም በኋላ ሰፊ ጥናት አድርገውበታል። ፍሎራይዱን የሚቀንሱ ማጣሪያዎች ተተከሉ፤ ሆኖም የበለዘ ጥርስ ተመልሶ አይነጣም፤ የጎበጠ ጀርባም አይቃናም።

ወደ ሀደሮ ገበያ ሲወጡ ጥርሱ ቡናማ የሆነ አዛውንት ካገኙ አፉን ያላጠበ ሰው ነው ብለው አይፍረዱ። ምናልባት ልጅነቱን በአገዳው ካምፕ ያሳለፈ ሰው ይሆናል።

በካምፕ ውስጥ የተሰማ መዝሙር

ከከምባታና ከሀዲያ የወረዱት ሠራተኞች ጉልበታቸውን ብቻ ይዘው አልሄዱም። ከ1920ዎቹ መጀመሪያ ጀምሮ ወንጌል በሆሳዕናና በዙሪያዋ ተሰብኮ ስለነበር ብዙዎቹ እምነታቸውንና መዝሙራቸውን ይዘው ወረዱ። በሌላ በኩል በናዝሬት ሆስፒታል የከፈተው የሜኖናይት ሚሲዮን ሥራ ፍሬ የሆነችው የመሠረተ ክርስቶስ ቤተ ክርስቲያን በወንጂ ገፈርሳ አጥቢያ ነበራት። በጥር 1974 ዓ.ም. ደርግ ይህችን ቤተ ክርስቲያን ዘጋ፤ ንብረቷን ወረሰ፤ መሪዎቿንም አሰረ። ምእመናኑ በየቤቱ በጥቂት በጥቂቱ መሰብሰብ ጀመሩ። ሲዘጋ አምስት ሺህ ያህል የነበሩት አባላት በ1983 ዓ.ም. ወደ ሠላሳ አራት ሺህ ደርሰው ተገኙ። በጠባብ የሠራተኛ ቤት፣ ድምፅን ዝቅ አድርጎ መዘመር ምን እንደሆነ የወንጂ ሰዎች ያውቁታል።

ከቤት የቀሩት

እስካሁን የነገርኩዎት ስለሄዱት ነው። ስለቀሩት ግን መጻሕፍት ብዙ አይናገሩም። እኔም የማውቀው ከራሴ ዘመዶች ቤት ነው።

አንድ አጎቴ ባገባ በአራተኛው ወር ወደ አገዳው ወረደ። ሙሽራዋ አክስቴ ከእንሰቱ ጓሮ ጋር ቀረች። የእንሰት ሥራ የሴት ሥራ ነው፤ መፋቁ፣ መቅበሩ፣ መጭመቁ ሁሉ በእርሷ ክንድ ላይ ወደቀ። በመጀመሪያው መስቀል አጎቴ ስኳር በከረጢት ተሸክሞ መጣ። ልጆች እጃችንን እየላስን ጨረስነው። በሁለተኛውም መስቀል መጣ። በሦስተኛው አልመጣም። ደብዳቤ አስጻፉለት፤ መልስ የለም። ከዚያ ከወንጂ የተመለሰ አንድ ጎረቤት አንገቱን ደፍቶ፣ አጎቴ በካምፕ ሌላ ቤት መመሥረቱን ነገራቸው።

አክስቴ አላለቀሰችም ሲሉ ሰምቻለሁ። እኔ ግን አላምንም፤ ሌሊት ማን ያያታል? ሁለት ልጆች አሳደገች፤ ግብር ከፈለች፤ የጣሪያውን ሣር በደቦ አስለወጠች። ከአሥራ አንድ ዓመት በኋላ አጎቴ ሽበት ጥሎ፣ አንድ ሻንጣ ይዞ በአጥሩ በር ቆመ። ወጥታ አየችውና በከምባትኛ እንዲህ አለችው፦ «ቤቱ የእርስዎ ነው። ልጆቹ ግን አያውቁዎትም፤ ቀስ ይበሉ።»

ገባ። እስከ ዕለተ ሞቱም እዚያው ኖረ። ሽማግሌዎች ታረቁ፤ በሉ፤ ጠጡ። ትልቁ ልጁ ግን አባቱን «አባባ» ብሎ ሲጠራ አንድ ቀን እንኳ አልሰማሁም። አጎቴ ክፉ ሰው አልነበረም። ብቻውን ብዙ የኖረ ሰው ነበር። ይህን የምለው ጥፋቱን ለመሸፈን አይደለም፤ እርሱም በስተርጅናው አልሸፈነውም። እኛም እንዲሁ በቀላሉ የምንሸነፍ ሰዎች መሆናችንን እንዳንረሳ ነው።

ፋብሪካው ዝም ሲል

ኤች ቪ ኤ በ1967 ዓ.ም. ተወረሰ፤ ሆላንዶቹ ሄዱ፤ እርሻውም የመንግሥት ሆነ። መኪናዎቹ ግን አረጁ። ሁለቱ የቀድሞ ፋብሪካዎች በ2003 እና በ2005 ዓ.ም. መካከል ተራ በተራ ሥራቸውን አቆሙ። በምትካቸው በዶዶታ ወረዳ በቀን 6,250 ቶን አገዳ የሚፈጭ አዲስ ፋብሪካ ተሠራ። አገዳው ዛሬም ይበቅላል፤ በዙሪያው ያሉ ገበሬዎችም በማኅበር ተደራጅተው አገዳ ያቀርባሉ። በአሮጌዋ ወንጂ ግን ከተማዋን የወለደው ጩኸት የለም። ለሃምሳ ዓመት በላይ ሰዓት የነገራት፣ ልጅ ወደ ትምህርት ቤት፣ አባት ወደ ሥራ የላከባት ፋብሪካ ቆሟል።

ይህ የወንጂ ዕጣ ብቻ አይደለም። ከፓሪስ በስተሰሜን ሴን ዴኒ የምትባል ከተማ አለች። በአሥራ ዘጠነኛው መቶ ዘመን ፋብሪካ ሲበዛባት ብሬታኝ ከሚባለው ድሃ የገጠር አገር ገበሬዎች እየጎረፉ ገቡባት፤ በኋላም ስፔናውያንና አልጄሪያውያን ተከተሉ። ፋብሪካዎቿ ከእ.ኤ.አ. 1970ዎቹ ጀምሮ ሲዘጉ የቀድሞው የጋዝ ፋብሪካ ስፍራ ባዶ ሆነ፤ እ.ኤ.አ. በ1998 የዓለም ዋንጫ ፍጻሜ የተካሄደበት ታላቁ ስታዲየም የተሠራው በዚያ ላይ ነው። ጨዋታውን በቴሌቪዥን ካዩት ሰዎች መካከል ከሣሩ በታች የማን ላብ እንዳለ ያሰበ ስንቱ ይሆን? ፋብሪካ ይመጣል፤ ፋብሪካ ይሄዳል። የመጣው ሰው ግን ልጅ ወልዶ፣ ወላጁን ቀብሮ፣ የዚያው አገር ሰው ይሆናል። በወንጂም ዛሬ ኦሮምኛ፣ አማርኛና ከምባትኛ በአንድ ግቢ ይሰማሉ። ከአያቱ አገር ሀደሮን አንድ ቀን ረግጦ የማያውቅ፣ ግን «እኔ ከምባታ ነኝ» የሚል ወጣት ያጋጥምዎታል።

የዛሬዋ ወንጂ የት ናት?

ውድ አንባቢያችን፣ ወደ ሀደሮ እንመለስ። በ2004 ዓ.ም. ዝንጅብሉን የሚያጠወልግ የባክቴሪያ በሽታ ገብቶ ማሳውን አጠፋው፤ ብዙ ቤተሰብ የሚተማመንበት ጥሬ ገንዘብ ተቋረጠ። መሬቱም ከአባቶቻችን ዘመን ይልቅ ጠብቧል። ወጣቶቻችን ዛሬ ወደ ወንጂ አይወርዱም፤ ኬንያን፣ ታንዛኒያን፣ ማላዊንና ሞዛምቢክን አቋርጠው ወደ ደቡብ አፍሪካ ያቀናሉ። ከሆሳዕናና ከከምባታ የሄዱት እጅግ ብዙ ናቸው። በላኩት ገንዘብ የተሠሩትን ቤቶች በሆሳዕና ጎዳና ላይ ያያሉ። በመጋቢት 2012 ዓ.ም. በሞዛምቢክ ቴቴ በአንድ የጭነት መኪና ኮንቴይነር ውስጥ ታፍነው የሞቱት 64 ኢትዮጵያውያን ግን ቤት አልሠሩም።

ከወንጂ የሚመጣው ባል ቢያንስ በመስቀል ይታይ ነበር። ከጆሃንስበርግ የሚጠበቀው ግን አምስትና አሥር ዓመት ይጠበቃል። ስልኩ ድምፁን ያመጣል፤ ሚስት ግን ስትታመም ውሃ አያቀብልም፤ ሕፃን ሲያለቅስ አያዝልም።

እዚህ ላይ «አትሂዱ» ብዬ ልመክርዎ አልችልም። መሬት የሌለውን ወጣት ተቀመጥ ማለት ቀላል የሚሆነው ለጠገበ ሰው ነው። የወንጂ ገንዘብ ልጆችን አስተምሯል፤ እኔን ራሴን ያስተማረኝ ደብተር ከአገዳ ላብ የተገዛ ነው። ነገር ግን አባቶቻችን ሂሳቡን ሲሠሩ የጻፉት የሚገባውን ብር ብቻ ነበር። የሚወጣውን አልጻፉትም። ባልና ሚስት ሆናችሁ ይህን ካነበባችሁ፣ ሻንጣ ከመዘጋቱ በፊት አንድ ምሽት አብራችሁ ተቀመጡና ሙሉውን ሂሳብ ጻፉ። ስንት ዓመት? ከዚያ ዓመት ካለፈ ምን እናደርጋለን? ልጆቹ አባታቸውን በምን ያውቁታል? የቀረችውን ሲከብዳት ማን ያግዛታል? የሄደውንስ ሲደክመው ማን ይመክረዋል? አጎቴና አክስቴ እነዚህን ጥያቄዎች አልተነጋገሩባቸውም። የሚጠይቃቸውም አልነበረም።

አንድ ቀን አዳማ ከደረሱ ጊዜ ወስደው ወደ ወንጂ ብቅ ይበሉ። በአገዳው መካከል ባለው መንገድ በእግርዎ ጥቂት ይሂዱ። የቆመውን ፋብሪካ ይዩ፤ በካምፖቹ በር ላይ የተቀመጡትን አዛውንቶች ሰላም ይበሉ። ከከምባታ መሆንዎን ቢነግሯቸው አንዳቸው መቀመጫ ያቀርቡልዎታል፤ የመንደርዎንም ስም ይጠይቁዎታል። ሀደሮ ካሉ ደግሞ ዝም ብለው ጥቂት ያስባሉ፤ ከዚያ የአንድ ሰው ስም ጠርተው «ቤተሰቦቹ አሉ?» ይሉዎታል። መልሱን ይዘው ይሂዱ።